ለመስኮቴ የተቀመጥነው ለቅሶ

ባሕር አይቼ አላውቅም። የተወለድኩበት አገር ባሕር የለው፣ ተሰድጄ የመጣሁባት ጆሃንስበርግ ደግሞ እንኳን ባሕር የረባ ወንዝም የላት። ሰው ከተማ ሲቆረቁር መጀመሪያ ውሃ ይፈልጋል፤ እነዚህ ወርቅ አዩና ውሃውን ረሱት። እንግዲህ በዚህ ደረቅ ምድር ላይ ተቀምጬ ከመርከብ ጋር ተጣላሁ፣ ሰፈር ሙሉ ሰውም አስለቀስኩ ብላችሁ ማን ያምነኛል? ግን አስለቅሻለሁ። አልጸጸትም። ነገም ከመጣብኝ ደግሜ አስለቅሳለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከግድግዳ ነው። ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በሁለት አሮጌ ፎቆች መሃል በምትገባ ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት ምግብ ቤት አለችኝ። የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳው ባዶ ከሆነ ደግሞ ወጡም አይጥምም። ወይ ፏፏቴ ይለጠፍበታል፣ ወይ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ወይ በቅርጫት የተከመረ ወይንና ፖም፤ ቤቱ ወይንም ፖምም አይሸጥም። እኔ ከሰው ልለይ ብዬ ፎርድስበርግ ገበያ ወረድኩ። ነጋዴው ሕንዳዊ ሽማግሌ አንዱን የሥዕል ጥቅል ሲዘረጋው ከተማ ነው፤ መንገዱ ግን ውሃ ነው። ቤቶቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተደርድረዋል፣ ትናንሽ ጀልባዎች በመሃላቸው ይመላለሳሉ። "ቬኒስ ነው ወንድሜ፤ ስንት ዘመን የኖረ ከተማ መሰለህ" አለኝ። ጠቅልልልኝ አልኩት።

ባለቤቴ ወይንሸት ገና ስታየው "ገንዘብ ከፍለህ ጎርፍ ገዝተህ መጣህ?" አለችኝ። የሎምቤ ደግሞ ባሰ። ሎምቤ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ አለችው፣ ዕቃ ሊገዛ መሃል ከተማ በመጣ ቁጥር እኛ ጋ ይበላል። ጴንጤ ስለሆነ ሳይጸልይ አይቆርስም። ያን ቀን ሊጸልይ ዐይኑን ሊጨፍን ሲል ግድግዳውን አየና ጸሎቱ ረዘመ። ምነው ስለው "ለነዚህ ሰዎች ነዋ! እስካሁን ማንም አላወጣቸውም እንዴ?" አለኝ። ወደው ነው እዚያ የሚኖሩት ብዬ እስካስረዳው ሽሮው ቀዘቀዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቬኒስ ቆንስል ሆኜ ቀረሁ። ስለዚያ አገር የተወራ ነገር ሁሉ "ከተማህ እኮ" እየተባለ ወደ እኔ ይመጣል።

ከዚያ ኮሮና ገባ። ሎክዳውኑ አንዴ ሲጠብቅ አንዴ ሲላላ፣ በጠበቀ ጊዜ ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት ክልክል ሆነ፤ ይዞ መሄድ ብቻ። ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ በመንገዱ በኩል ባለችው መስኮት መሸጥ ጀመርኩ። መስኮቷ ሁለት ሳህን ጎን ለጎን አታሳልፍም። ግን የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ መድኃኒት፣ ሁሉም የሚገባው በእሷ ነበር። ሌላው ሰው በር አለኝ ብሎ ይኩራ፤ እኔ ያን ጊዜ የነበረችኝ መስኮት ናት።

ጋሽ ታምራት መርከቡን አምጥቶ ያቆመው እዚህች መስኮት ፊት ነው።

ጋሽ ታምራት ብርድ ልብስና ዘይት በጅምላ የሚሸጥ የአገራችን ሰው ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንተ ብዬዋለሁ፣ የተበደልኩት እኔ ነኝ። ከመንገዳችን ጫፍ ያለውን መጋዘን ተከራየና ዕቃውን በተሳቢ ማስመጣት ጀመረ። ተሳቢ ስላችሁ እንደምታውቁት እንዳይመስላችሁ። ፊቱ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣ ጅራቱ ገና ሮቦቱ ጋ ነው፤ ሮቦት የሚሉት እዚህ አገር የትራፊክ መብራቱን ነው። ጠዋት ይገባል፣ የምሳ ሰዓት አልፎ ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ ይወጣል። መስኮቴን ከፍቼ የማየው ሰማያዊ ሸራ ብቻ ነው። ቀኑ ይሁን ሌሊቱ የማውቀው ሰዓት አይቼ ሆነ።

ወይንሸት ሰው ተራርቆ እንዲሰለፍ መሬት ላይ የለጠፈችው ቢጫ ፕላስተር ከጎማው ሥር ገባ። ደንበኛ የሚመጣው በሸራውና በግድግዳው መሃል በጎኑ እየተሳበ ነው። ቀጫጭኖቹ ደረሱ፣ ወፍራሞቹ ቀሩ። ምግብ ቤት ደግሞ የሚኖረው በወፍራሞቹ ነው። ቀጭን ሰው ግማሹን ቀምሶ ግማሹን ለማታ ያስቋጥራል።

ሄጄ "ጋሽ ታምራት፣ መስኮቴን ዘጉብኝ" አልኩት።

"ልጄ፣ ትልቅ ነገር ሲመጣ ትንሹም ይጠቀማል" አለኝ። "በኔ መኪና የተነሳ ስንት ሰው ወደዚህ መንገድ እንደሚመጣ አታይም?"

"ይመጣል፤ ግን አያልፍም።"

"እንግዲህ መንገዱ የመንግሥት ነው" ብሎ ስልኩን አነሳ።

ሽማግሌ ላክሁበት። እዚህ ሰኔ የብርድ ወር ነው። ሽማግሌዎቼ ባዶ እጃቸውን ሄደው እያንዳንዳቸው አዲስ ብርድ ልብስ በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። "ቻለው እንጂ፤ ሰውየው እኮ ጥሩ ሰው ነው" አሉኝ። ለእኔ እንኳ አንድ አላመጡም።

እንዲህ ሆኜ በንዴት ሽንኩርት ስከትፍ ነው ሎምቤ በሸራው ሥር እየተሳበ መጥቶ ስልኩን በመስኮቱ የዘረጋልኝ። "ከተማህ ተወረረች!" አለኝ። አየሁ። ያ ግድግዳዬ ላይ ያለው ከተማ ነው፤ በመሃሉ ግን ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረበ ነጭ መርከብ ይገባል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከሥሩ ቀርቷል። ወረርሽኙ መርከብ ሲያስቆም ከተማው እፎይ ብሎ ነበር አሉ፤ አሁን መርከቦቹ መመለሳቸው ነው። ለመዝናናት የመጡት መንገደኞች ከላይ ሆነው የሰውን ማድ ቤት ቁልቁል ያያሉ። ከታች ደግሞ የከተማው ልጆች በትናንሽ ጀልባ ሆነው፣ ባንዲራ እያውለበለቡ "አይሆንም!" ይላሉ። አንዲት አሮጊት ከመስኮቷ ብቅ ብላ ስታይ፣ የሚታያት ነጭ ብረት ብቻ ነበር። እኔ ያንን ሳይ እንባዬ መጣ። በሽንኩርቱ አላመካኝም፤ ተናድጄ ነው።

"ወይንሸት!" አልኩ። "እኛም ሰልፍ እንወጣለን!"

የመንገዱን ሰው ሁሉ ለመንኩ። ነጋዴው፣ ጸጉር ቆራጩ፣ ዕቃ በጋሪ የሚገፉት ልጆች፣ ሁሉም "እሺ፣ እንዴታ!" አሉ። የእኛ ሰው "እሺ" ሲል ግን ከፊት ዞር በልልኝ ማለቱም ሊሆን ይችላል። በቀጠሮው ጠዋት የተገኘነው እኔ፣ ሎምቤ፣ ወይንሸትና አንድ ጎማው የሚንጫጫ ጋሪ ነን። ጋሪው ጀልባ መሆኑ ነው። በዘይት ካርቶን ላይ "መርከብ ይውጣ" ብዬ ጽፌያለሁ።

"በዚያ ላይ" አለ ሎምቤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስብሰባ በሕግ ክልክል ነው። አሁን የተፈቀደው ቀብር ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ቀብር ነው እንላለን!"

"እኔ አልዋሽም" አለ። ሎምቤ በዕቃ ዋጋ እንኳ አይዋሽም፤ ነጋዴ ሆኖ እንዴት እንደሚኖር ጌታው ይወቅ።

"ሟርተኛ!" ብላ ወይንሸት ጮኸችብኝ። "በዚህ ዘመን፣ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ፣ ያልሞተ ሰው አልቅሺ ትለኛለህ?"

"ሰው ማን አለሽ? የሞተችው መስኮታችን አይደለችም? ውሸት ነው? ለእሷ አልቅሺ!"

ወይንሸት መስኮቱን አየችው። ስንት ወር ሙሉ ከዚያች ቀዳዳ ጀርባ ቆማ ወገቧ የተቆረጠ ሴት ናት። ገባችና ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። አግዳሚ ወንበሮቹን አውጥተን በመንገዱ ላይ አጋደምናቸው። ከዚያ ደረቷን መታ አድርጋ ጀመረች፦

የእንጀራዬ ደጃፍ፣ የቤቴ ዐይኑ፣
ብረት ጋረደብኝ፣ ሳይመሽ በቀኑ።
መንገዱ ለሰው ቀርቶ ለንፋስ ጠብቦ፣
ስንቱ ተመለሰ ከደጄ ተርቦ።

እናቷ በአገሩ የታወቁ አልቃሽ እንደነበሩ ነግራኝ ታውቃለች፤ እኔ ግን የትዳር ወሬ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ድምፁ በሁለቱ ፎቆች መሃል ሽቅብ ወጣ። መጋረጃዎች ተገለጡ። ከዚያ የደረጃው ኮቴ ተሰማ።

ለካ ሞኙ እኔ ነኝ! አገሬን ሳላውቅ ሰልፍ ጠራሁ። የእኛን ሰው መብትህ ተነካ ብትሉት ሥራ አለብኝ ይላል። ለቅሶ ሲሰማ ግን ምጣዱን እሳት ላይ ትቶ ይወርዳል፤ ለምን ብሎም አይጠይቅም። ያ ሁሉ "እሺ" ብሎኝ የቀረ ሰው በየደረጃው እየተንጠባጠበ መጣ። ሴቶቹ ወይንሸትን እያዩ ማልቀስ ጀመሩ። የሎምቤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በአንድ በኩል ቆመው መዝሙር አነሡ፤ እነሱ ደረት አይመቱም። መዝሙሩና ሙሾው ትንሽ ከተጋፉ በኋላ ተስማሙ። ሙሾው ትንፋሽ ሲወስድ መዝሙሩ ይገባል።

ሁላችንም ማስክ አድርገናልና አንዱ ጎልማሳ ማን እንደሆንኩ ሳይለይ አጠገቤ ተቀመጠና ለሰላምታ ክርኑን ሰጠኝ። "አወይ ጊዜ!" አለ። "የሞተው የምግብ ቤቱ ባለቤት ነው አሉ።"

ማስኬን ወደ ላይ ሳብኩት። "ምን... ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

"ጥሩ ሰው ነበር። ጥብሱ ላይ ብቻ ጨው ያበዛል። ደግሞ ትንሽ ነገር ሲነካው አገር ይያዝልኝ ይላል። ነፍሱን ይማረው።"

ነፍሴን ይማረኝ አልኩ በልቤ። ይባስ ብሎ ሰው ለለቅሶ ቤት ምግብ ማምጣት ጀመረ። ባለ ምግብ ቤት ለሆንኩት ለእኔ፣ ሰው ሁሉ ቅቅሉንና ቆጮውን ተሸክሞ ይመጣልኛል! ያን ቀን አንድ ሳህን ሽሮ አልሸጥኩም። አሁንም ግድ የለኝም።

በዚህ መሃል መርከቡ ደረሰ። ሾፌሩ ባባ ሲፎ ዙሉ ነው፤ እንደ ቁመቱ ዝምተኛ ሰው። በመንገዱ አፍ ላይ ጥቁር የለበሰውን ሰው ሁሉ ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ኮፍያውን አወለቀ። ስልኩ ጮኸ። የጋሽ ታምራት ድምፅ እኛ ድረስ ይሰማል፤ ግባ፣ ምን ትጠብቃለህ ነው የሚለው።

"ሃይ ቦ!" አለ ባባ ሲፎ፣ ኧረ ምን ሲደረግ እንደማለት። "በቀብር ላይ አልነዳም። አባቴ ከመቃብሩ ተነሥቶ ይመታኛል።" ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከመዝሙሩ ጎን ቆመ፤ ዜማውን በቋንቋው ያውቀው ኖሮ ወፍራም ድምፁን ጨመረበት።

ድምፅ የሰማ ሌላም ነበር። አንዲት ፖሊስ መጣች። "ሳውቦና፣ ሲሲ" አልኳት፣ ሰላም እህቴ ማለቴ ነው። ሰላምታዬን ትታ ሕዝቡን በዐይኗ ቆጠረች። "የማን ቀብር ነው? የሞተው ማን ነው?"

እኔ ሎምቤን አየሁት። ሎምቤ እኔን አየኝ። አይዋሽም። መስኮት ናት ካለ ደግሞ ሁላችንም ታስረን፣ ምግብ ቤቷም መታሸጓ ነው። በልቤ ቻው አልኳት።

"ሲሲ" አለ ሎምቤ፣ "በዚህ ዘመን የሞተው ማን ነው ብለሽ ትጠይቂኛለሽ? እኔ ታላቅ ወንድሜ ሞቷል። ቶኮዛ ያለውን ሱቅ አብረን ነበር የያዝነው። ሲቀበር ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች አወረዱት፤ እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ አየሁ። ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ማን ይመጣል? ተከልክሏል። በማግስቱ ሱቁን ከፍቼ ዳቦ ሸጥኩ።"

ወንድሙ መሞቱን አውቅ ነበር። ያን ጊዜ በስልክ እግዚአብሔር ያጽናህ ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ሽሮ ሸጥኩለት፤ እሱም በልቶ ሄደ። ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ከሎምቤ ቀጥሎ ጸጉር ቆራጩ ስለ እናቱ ተናገረ። ከዚያ አንዲት ልብስ ሻጭ ስለ ባሏ። ያን ሁሉ ጊዜ ማን ለማን እንደሚያለቅስ ያልጠየቁት፣ ለካ እያንዳንዱ የራሱን ሬሳ ይዞ ኖሯል የወረደው። ያላለቀሰ ሕዝብ ነበርን። በስልክ ቀብረን፣ ማስክ አድርገን፣ መስኮት ከፍተን ስንሸጥ የከረምን ነን። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አገር ቤት ለሞተው አጎቴ ጮክ ብዬ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፣ በሽርጤ ኪስ ሙሉ ሶፍት ይዤ።

"ተራራቁ" አለች ፖሊሷ በመጨረሻ። "ማስካችሁን አፍንጫችሁ ላይ አድርጉ።" ከዚያ ወጥታ መንገዱ አፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ዐይኗን በእጅጌዋ ስትነካ አይቻለሁ።

መኪናው ስላልገባለት ጋሽ ታምራት ራሱ መጣ። ሊጮህ ነበር አመጣጡ። ለቅሶውን ሲያይ ግን እግሩ ተያዘ፤ ምን ቢሆን የእኛው ሰው ነው። ተመልሶ ሄደና ውሃ በካርቶን አሸክሞ መጣ፤ አጠገቤ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ማልቀስ ጀመረ።

"እናቴ በጥር ነው ያረፈችው" አለኝ። "አውሮፕላን አልነበረም። አፈር ሲመለስባት በስልክ ነው ያየሁት፤ ያውም መሃል ላይ ተቋረጠ።" አፍንጫውን ጠረገና "ያንተስ? ማንን ነው ያጣኸው ልጄ?" አለኝ።

እናቴ ትሙት! ዝም ብል ኖሮ አልፎልኝ ነበር። አንድ አክስት ብፈጥር ጋሽ ታምራት ሳምንት ሙሉ መኪናውን አያስገባም ነበር። ግን በሎምቤ ፊት፣ በዚያ ሁሉ እውነተኛ ሬሳ መሃል፣ የፈጠራ አክስት መቅበር አቃተኝ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ እንዲሰማው ፈልጌ ነበር።

"መስኮቴ ነች፣ ጋሽ ታምራት።"

"ምን አልክ?"

"መስኮቴ። እርስዎ ነዎት የገደሏት።"

እንባው ፊቱ ላይ ደረቀ። ተነሣ። "በእናቴ እንባ ትቀልዳለህ?" አለ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

"አልቀለድኩም!" እኔም ተነሣሁ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። "እርስዎ ትልቅ ስለሆኑ የሞተብዎ ይታያል። የእኔ ትንሽ ናት፣ እጅ ብቻ የምታሾልክ። ግን የእኔም እናት በሕይወት ያለችው በዚያች ቀዳዳ በሚገባ መድኃኒት ነው። እናትዎን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ የእኔን ግን በመኪና አይጋርዱብኝ!"

ጋሽ ታምራት ኮቱን አስተካከለ። "መኪናዬ ነገ ይገባል" አለ።

"ይግባ። እኛ ሰልስት ሳይወጣ ከዚህ አንነሣም።"

ይህን ያልኩት እልህ ይዞኝ ነው፤ በማግስቱ ብቻዬን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የምገኝ መስሎኝ ነበር። የሞተችው መስኮት መሆኗን አሁን ሁሉም ሰምቷልና። ጠዋት ወንበሮቹን ሳወጣ ግን ልብስ ሻጯ ቀድማኝ ቆማለች። "ባሌን ገና አልቅሼ አልጨረስኩም" አለችኝ። ጸጉር ቆራጩ መጣ። ጨው ያበዛል ብሎ ያማኝ ሰውዬም ሰርቆ እያየኝ መጣ። ባባ ሲፎ መኪናውን ከዋናው መንገድ ላይ አቁሞ፣ ጋሪ ገፊዎቹ ዕቃውን በየተራ በአግዳሚዎቻችን መሃል እያሾለኩ መጋዘን አስገቡት። ያ ለሰልፉ የቀረው ጋሪ ሁሉ ሲመላለስ የግድግዳዬን ጀልባዎች መሰለኝ።

በሰልስቱ ጋሽ ታምራት መጣ። ሰላም አላለኝም። እኔም አላልኩትም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለእናቱ አለቀሰ። ወይንሸት ቅቅል ሰጠችው፤ በመስኮቱ በኩል ነው ያቀበለችው፣ እጁን ዘርግቶ እንዲቀበል ብላ። ተቀብሎ በላ። እስከ ዛሬ አልታረቅንም። መኪናው ግን ዋናው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሎምቤ ስልኩን ይዞ መጣ። አሁን ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። "ከተማህ አሸነፈች!" አለኝ። "ትልልቆቹ መርከቦች በመሃል ከተማው እንዳያልፉ መንግሥታቸው ከለከለ። በነዚያ ትናንሽ ጀልባዎች እየጮሁ እኮ ነው!"

ሽሮውን እያቀበልኩት "በጀልባ ብቻ አይመስለኝም" አልኩ። "አንዲት ወይንሸት ሳትኖራቸው አይቀርም።"

ወይንሸት አልሳቀችም። ጥቁር ነጠላዋ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከበድ ያለ ሞተር ከወደ ሮቦቱ በጮኸ ቁጥር ማንኪያዋን ታስቀምጥና እጇን ወደ ሚስማሩ ትዘረጋለች።